የኦቦ ቱፋ ሮዳጅ

ኦቦ ቱፋ ሐሙስ ጠዋት ለሦስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ከፊታቸው አዲሱ ኮምፒውተር ነበር። የጎኑ ክዳን ተከፍቷል፤ ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ከስክሪኑ በላይ ራሳቸው በወፍራም እስክሪብቶ ጽፈው የለጠፉት ካርቶን ተሰቅሏል። «ሮዳጅ ላይ ነው። ከሰማንያ በላይ አይነዳም» ይላል።

ኢንስፔክተር ሶረቲ ሂርጳ ስለዚህ ካርቶን ያነበበችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሐሙስና ዓርብ በሌላ ጉዳይ ሸነን ከተማ ነበረች። አምቦ ስትመለስ አለቃዋ ኮማንደር ጉዩ መዝገቡን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«ያለቀ ነገር ነው» አላት። «ሰውዬውን ኤሌክትሪክ ያዛቸው። ኮምፒውተሩን የገጠመችው የወንድማቸው ልጅ ናት። ውስጡ ያለ አንድ ሽቦ ላስቲኩ ተገልጦ የብረት ሳጥኑን ነክቶ ተገኘ። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። ሰኞ ጠዋት ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። አንቺ አንብበሽ ፈርሚልኝ።»

«ልጅቷ ምን አለች?»

«ማልቀስ እንጂ ምንም።»

«ምን ተብላ ተጠየቀች?»

ኮማንደሩ መነጽሩን አወለቀ። ከሶረቲ ጋር ስድስት ዓመት ሠርቷል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከጠየቀች መዝገቡ እንደማይፈረም ያውቃል።

«እስከ ሰኞ ጠዋት» አላት። «ከዚያ በላይ የለኝም።»

ሶረቲ ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ነው። ሮዳጅን፣ አዲስ ሞተር እስኪለማመድ በዝግታ የሚነዳበትን ጊዜ፣ ግን በደንብ ታውቃለች። አባቷ ከጊንጪ ጤፍ የሚጭን የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ሞተሩ በታደሰ ቁጥር እንዲህ ያለ ካርቶን ከኋላ ይለጥፍና ለሳምንታት ዳር ይዞ ቀስ እያለ ይነዳል። የሚያልፉት ሾፌሮች በክላክስ ሲሰድቡት እሱ ይስቃል። «አዲስ ሞተር አራስ ነው» ይል ነበር። ጎማ ቢፈነዳ፣ ጭነት ቢዘገይ፣ የአገሩ ዳኛ ቢጠራው፣ ሮዳጅ ላይ ያለ ሞተር ከሰማንያ በላይ አይረግጥም።

ለንሳን ከማረፊያ ክፍሉ አስጠራቻት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ተመርቃ አንድ ዓመት ተኩል ሥራ ፈትታ ስትቀመጥ፣ አጎቷ ጋራዣቸውን ዘግተው የፊቱን ክፍል ሰጧት። ጌም ቤት ልትከፍትበት ነበር። ሐሙስ የሞቱበት ኮምፒውተር በገዛ እጇ የገጠመችው የመጀመሪያው ነው።

ልጅቷ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሶረቲ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እኔ አላውቅም። አዲስ ኮምፒውተር ሮዳጅ ያስፈልገዋል እንዴ?»

ለንሳ ቀና አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ስለ ሞት ሲጠይቃት ነበር፤ ስለ ኮምፒውተር የጠየቃት የለም።

«አያስፈልገውም» አለች በቀጭን ድምፅ። «ፒስተን የለው፣ ዘይት የለው። የሚፋተግ ነገር የለበትም። የሚዞረው ማራገቢያው ብቻ ነው። ነግሬው ነበር። አባባ ቱፋ ግን አርባ ዓመት ሞተር ሲፈታ የኖረ ሰው ነው። ‹አዲስ ነገር ሁሉ አራስ ነው፤ ሦስት ቀን ለስለስ አድርገሽ ያዢው› አለኝ።»

«እሺ አልሻቸው?»

«ክፍሉን የሰጠኝ እሱ ነው። እሺ አልኩት። ቀላል ቪዲዮ ብቻ ከፍተን ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ አስነሳነው። እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ጌም ክልክል። ከዚያ ደግሞ ‹ታኮሜትሩ የት አለ?› አለኝ፤ የሞተር ዙር መለኪያውን ማለቱ ነው።» ፈገግታ የመሰለ ነገር ፊቷ ላይ ብልጭ ብሎ ጠፋ። «ሙቀቱን በየደቂቃው የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩለት። መብራት ሄዶ ቢመለስም ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል።»

ሶረቲ ወደፊት ተጠጋች። «ይህን መዝገብ የሚያውቅ ማነው?»

«እኔና እሱ ብቻ።»

«ለፖሊስ ለምን አልነገርሽም?»

«አልጠየቁኝም» አለች ለንሳ። ከዚያ እጆቿን ጉልበቶቿ መሃል ደበቀቻቸው። «ሽቦዎቹን ሦስት ጊዜ ፈትሻቸው ነበር። ግን ሰው ሞተ። አራተኛ ጊዜ ብፈትሽ ኖሮስ? ኢንስፔክተር፣ ገድዬው ይሆን? እርስዎ ካወቁ ይንገሩኝ። እኔ አላወቅሁም።»

ሶረቲ የሐኪሙን ወረቀት አውጥታ እንደገና አነበበች። የቃጠሎው ምልክት ግራ መዳፍ ላይ ነው፤ መዳፉን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል፤ ስፋቱ አውራ ጣት ያህላል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሐዘኑ ቤት ሄደች። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፤ የጸሎት ቤቱ መዘምራን በዝግታ በኦሮምኛ ይዘምራሉ። የሟቹ ባለቤት አዴ ባየሽ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል።

«ዋቀዮ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ» አለች ሶረቲ ዝቅ ብላ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።

«አሜን፣ ልጄ። ስለዚያች ልጅ ከሆነ የመጣሽው የምልሽ የለኝም። አባቷ ሲሞት ከልጄ ከሚልኬሳ ጋር በአንድ ሳህን እያበላሁ ያሳደግኳት ናት። አሁን ዓይኗን ማየት አልችልም።»

«ስለ እሷ አልመጣሁም። ስለ ኦቦ ቱፋ ነው። ሐሙስ ጠዋት እርስዎ የት ነበሩ?»

«ጸሎት። ከአስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ። ስወጣ ከማሽኑ ጋር ትቼው ወጣሁ። ‹አንተ፣ እኔን ስታገባ እንኳ እንዲህ አላደርክልኝም› ብዬ ቀለድኩበት። ሰዓት እየሞላ በየሁለት ሰዓቱ ይነሳለት ነበር እኮ።»

«ተነስተው ምን ያደርጋሉ?»

«ይዳስሰዋላ! ከዚያ ደብተሩ ላይ ይጽፋል።»

«ደብተሩ የት አለ?»

ደብተሩ በፊተኛው ክፍል መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ዘይት የጠገበ የጋራዥ ደብተር። በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ሃያ ሁለት መስመር ተጽፏል። የመጀመሪያው የማክሰኞ እኩለ ቀን ነው። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ሐሙስ ጠዋት 12 ሰዓት። 46 ዲግሪ። ሳጥኑ በእጅ ሲዳሰስ ለብ ይላል። ደህና ነው።» ሃያ ሁለቱም መስመር ላይ «በእጅ ሲዳሰስ» የሚል አለ። የጠዋት ሁለት ሰዓቱ መስመር ግን አልተጻፈም።

ስትመለስ አዴ ባየሽ ክንዷን ያዝ አደረጓት።

«አንድ ነገር አለ፤ ለሰው አልተናገርኩም። አስከሬኑን ስናጥብ ሱሪው እርጥብ ነበር። ሲጨንቀው አምልጦት ይሆናል ብዬ አፈርኩለት። ሸፍኜ አጠብኩት።»

«እርጥቡ የቱ ጋ ነው፣ አዴ ባየሽ? ከላይ ነው ወይስ ከታች?»

አሮጊቷ አሰቡ። «ከጉልበቱ በታች» አሉ ቀስ ብለው። «ከላይማ ደረቅ ነበር።»

በግቢው ጥግ ባለችው አንድ ክፍል የሚኖረው ተከራይ መምህር ሶፎንያስ ነው። የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። በሩን ሲከፍት ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«መምጣትዎን እየጠበቅሁ ነበር» አላት። «የኮምፒውተሩን ፓወር ሳፕላይ ከአዲስ አበባ ያመጣሁላት እኔ ነኝ። ኤሌክትሪኩን ተቀብሎ ለሌላው የሚያከፋፍለው እሱ ነው። እሱ ቢሆንስ የገደላቸው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።»

«መምህር፣ አዲስ ኮምፒውተር ሮዳጅ ያስፈልገዋል?»

ግራ ተጋብቶ አያት። «አያስፈልገውም። ግን ኦቦ ቱፋ ፈጽሞ ተሳስተዋል አልልም። እንዲህ ያለ ዕቃ ጉድለት ካለበት ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይታያል። መፈተኑ ጥሩ ነው፤ ማሽሞንሞኑ ነው ዋጋ የሌለው። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቀን በከባድ ጌም አስጨንቀው ነበር። ይህን ስነግራቸው ‹ለአንተ መኪና ያዋሰ ሰው አለቀለት› አሉኝ።»

«ሐሙስ ጠዋት ምን አየህ?»

«ምንም። ለክፍል እየተዘጋጀሁ ነበር። ሸሚዜን እየተኮስኩ መብራት ሄደ፤ ካውያው ቀዘቀዘብኝ። ትንሽ ቆይቶ መጣ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ግድም ስወጣ ከፊተኛው ክፍል የተኩስ ድምፅ ሰማሁ፤ የጌም ማለቴ ነው። ኦቦ ቱፋ ሮዳጁን ጨረሱ ማለት ነው ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።»

«ገብተህ አላየሃቸውም?»

«በሩ ዝግ ነበር። ገብቼ ቢሆን…» ሳይጨርሰው ቀረ።

ሶረቲ ወደ ጓሮ ዞረች። እዚያ የጉድጓድ አፍ አለ፤ ዙሪያው ሲሚንቶ ነው፤ ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ ያዳልጣል። አጠገቡ ውሃ የሚስበው ዲናሞ ተቀምጧል፤ ከዲናሞው የብረት ቧንቧ ተነስቶ ወደ ታንከሩ ይሄዳል። ቧንቧው አውራ ጣት ያህል ይወፍራል። ከዲናሞው ሆድ ደግሞ ቢጫና አረንጓዴ የሆነ አዲስ ሽቦ ወጥቶ መሬት ውስጥ ይገባል። የገባበት አፈር ገና አልደረቀም።

«ምን ፈልገው ነው፣ ኢንስፔክተር?»

የሟቹ ልጅ ሚልኬሳ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ለሙያ ፈቃድ ሊፈተን ተመዝግቧል።

«ይህ ሽቦ ምን ይሠራል?»

«የመሬት ሽቦ ነው። ዲናሞው ኤሌክትሪክ ቢያፈስ ሰውን እንዳይዝ ወደ መሬት ያወርደዋል።»

«አንተ ነህ የሠራኸው? መቼ?»

«ዓርብ ጠዋት። ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቶ ውሃ ያስፈልግ ነበር።»

«ከቀብር በፊት?»

«ውሃ ያስፈልግ ነበር አልኩዎት እኮ።»

«እሺ፣ ወንድሜ። አትቆጣ። አዲስ ኮምፒውተር ሮዳጅ ያስፈልገዋል እንዴ?»

ሚልኬሳ በአፍንጫው ሳቀ። «አባቴ እኮ ፍሪጁንም ሮዳጅ አስገብቶታል። ሦስት ቀን ባዶውን ሲያሠራው የእናቴ ወተት ውጭ ተበላሸ። ይህ የድሮ ሰው ነገር ነው።»

«ሐሙስ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሃቸው መቼ ነው?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ። ወደ ሥራ ስወጣ ጌም እየተጫወተ ነበር፣ ያን የተኩሱን። ደህና ዋል ስለው አንገቱን ነቀነቀልኝ።»

«ደስ ብሏቸው ነበር?»

«እንደ ልጅ» አለ ሚልኬሳ።

«ታዲያ የሁለት ሰዓቱን ደብተራቸው ላይ ለምን አልጻፉም?»

«የምን ደብተር?»

ሶረቲ ከግቢው ወጥታ መንገዱን ተሻገረች። ፊት ለፊት ሞቲ የሚባል ፀጉር አስተካካይ አለ።

«ሐሙስ ጠዋት መብራት ሄዶ ነበር?»

«ሐሙስ?» አለ ሞቲ፣ የደንበኛውን ጆሮ እንደያዘ። «ሐሙስ ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ቶንዶሴ ከእጄ አልወረደም። ሄዶ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ጭንቅላቱን ተላጭቶ የወጣ ሰው አምቦ ውስጥ ይፈልጉልኝ ነበር።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የጸሎት ፕሮግራሙ እንዳበቃ፣ ሶረቲ ሁሉንም በፊተኛው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ኮማንደር ጉዩ ከበሩ አጠገብ ቆመ። አዴ ባየሽ፣ ሚልኬሳና ሶፎንያስ ተቀመጡ። ኮምፒውተሩ ከጣቢያ ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ጠዋት ሶፎንያስ በኮማንደሩ ፊት የተጎዳውን ሽቦ አውጥቶ ደህና ተክቶለታል። ለንሳ በፖሊስ ታጅባ ስትገባ አዴ ባየሽ ፊታቸውን አዞሩ።

«ይህችን ልጅ እቤቴ ለምን ታመጪብኛለሽ?»

«ትንሽ ይታገሱኝ፣ አዴ ባየሽ። ከዚያ በኋላ ውጪ ካሏት ትወጣለች።»

ሶረቲ ደብተሩን ከፈተች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር።

«ይህ የኦቦ ቱፋ እጅ ጽሑፍ ነው። አርባ ዓመት የተሠራበት የጋራዥ ልማድ ነው፤ መካኒክ መለኪያውን ብቻ አያምንም፣ በመዳፉ ይዳስሳል። ከማክሰኞ እኩለ ቀን እስከ ሐሙስ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ሃያ ሁለት ጊዜ ይህን የብረት ሳጥን ዳሰሱ። ሽቦው ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ ሳጥኑን ነክቶ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ይዟቸው ነበር። ሃያ ሁለት ጊዜ ግን ‹ደህና ነው› ብለው ጻፉ። መምህር፣ ያወጣኸው ሽቦ ምን ይመስላል?»

«ላስቲኩ በምላጭ ነው የተላጠው» አለ ሶፎንያስ። «የቀለጠ አይደለም። የሸተተው ሌላ ቦታ ላይ በላይተር የተለበለበ ፕላስቲክ ነው።»

ኮማንደር ጉዩ ከተደገፈበት ግድግዳ ቀና አለ። «ታዲያ በምን ሞቱ?»

«ሐኪሙ ያየው ቃጠሎ መዳፋቸውን ያቋርጣል። ሰፊ ሳጥን የነካ እጅ እንዲህ አይቃጠልም፤ ቧንቧ የጨበጠ እጅ ነው እንዲህ የሚቃጠለው። ሱሪያቸውም ከጉልበት በታች እርጥብ ነበር። እዚህ ክፍል ውስጥ ውሃ የለም። ውሃም ቧንቧም ያለው ጓሮ ነው።»

ከድንኳኑ የሰው ጉርምርምታ ይሰማል።

«ቀጥሎ የማሽኑን ቃል እንስማ። ለንሳ፣ መዝገቡን ክፈቺልን።»

ለንሳ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። ማብሪያውን በእስክሪብቶ ጫፍ ተጫነችው፤ በጣቷ ልትነካው አልደፈረችም። ማራገቢያዎቹ ዞሩ። ስክሪኑ ላይ ረጅም የቁጥር ሰልፍ ወጣ።

«ምን ይላል?»

«ማክሰኞና ረቡዕ… አርባ አምስት፣ አርባ ስድስት ዲግሪ» አለች ለንሳ። «ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ደቂቃ ላይ ይቋረጣል።»

«የመምህሩ ካውያም የጠፋው ያኔ ነው። ፊት ለፊት ያለው የሞቲ ቶንዶስ ግን አልጠፋም። መብራቱ የሄደው ከከተማው ሳይሆን ከዚህ ግቢ ብቻ ነው። አንድ ሰው መብራት የሚያቋርጠውን ዋናውን ብሬከር አወረደው ማለት ነው። ሰው በጥድፊያ ዋናውን ብሬከር የሚያወርደው መቼ ነው?»

«ሰው ሲያዝ» አለ ሶፎንያስ በሹክሹክታ። «ኤሌክትሪክ ሰው ሲይዝ።»

«ቀጥይ፣ ለንሳ።»

«ሁለት ሰዓት ከአራት ላይ ኮምፒውተሩ እንደገና ተነሳ። ከሁለት ሰዓት ከስድስት ጀምሮ…» ለንሳ ቆመች። ጣቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። «ሰባ። ሰባ ስምንት። ሰማንያ ሦስት። እስከ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ድረስ ሰማንያ ሦስት፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል። ጌም ነው። ይህ ጌም ነው!» ወደ ካርቶኑ ቀና ብላ አየች። «አባባ ቱፋ አይሆንም። እሱ አያደርገውም!»

«አያደርጉትም» አለች ሶረቲ። «አባቴ ሾፌር ነበር። ሮዳጅ ያለ ሰው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው አይሮጥም። ኮምፒውተር ሮዳጅ አያስፈልገውም፤ ሁላችሁም ነግራችሁኛል፣ እኔም አምኛለሁ። ኦቦ ቱፋ ግን ያስፈልገዋል ብለው ያምኑ ነበር። ጌሙን የከፈተው ይህን እምነት የናቀ ሰው ነው። ከውጭ የሚሰማ ሁሉ ሰውዬው በሕይወት አሉ እንዲል፣ ማሽኑም ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ተበላሸ እንዲባል ከፈተው። የኦቦ ቱፋን ደብተርና የለንሳን መዝገብ አላወቀም። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሲጫወቱ አየኋቸው፣ አንገታቸውን ነቀነቁልኝ ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ሚልኬሳ ዞሩ። እሱ ጫማውን ያይ ነበር።

«የዲናሞው የመሬት ሽቦ ዓርብ ጠዋት ነው የተቀበረው» አለች ሶረቲ። «አባቱን ገና ያልቀበረ ልጅ።»

«ውሃ…» አለ ሚልኬሳ።

«ሚልኬሳ፣ ሐሙስ ጠዋት ምን ሆነ?»

ሚልኬሳ ሲናገር ድምፁ እንደ ትንሽ ልጅ ነበር።

«ዲናሞው ያፈሳል፣ የመሬት ሽቦ ግጠምለት እያለ ሦስት ጊዜ ነገረኝ። ባለፈው ሳምንት ሠርቼዋለሁ አልኩት። አልሠራሁትም ነበር። ነገ፣ ነገ እያልኩ ነው። እሱም አመነኝ። ሐሙስ ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ሄዶ ቧንቧውን ያዘ። ጩኸቱን ሰምቼ ሮጥኩ፤ ብሬከሩን አወረድኩ። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ በጉልበቱ ወድቆ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ሞቶ ነበር።»

«በምን አወቅህ? ትንፋሻቸውን አዳመጥክ?»

«ሞቶ ነበር እላለሁ…»

«ሆስፒታሉ በባጃጅ አምስት ደቂቃ ነው። አንተ ሃያ አምስት ደቂቃ ጌም ከፈትክ።»

«ፈተናው ነበረብኝ» አለ ሚልኬሳ እያለቀሰ። «የገዛ ቤቱን መሥራት ያቃተው፣ አባቱን የገደለ ይሉኛል። ማሽን ገደለው ይባላል፣ በቃ ይቀራል ብዬ ነው። ለንሳ ትታሰራለች ብዬ አላሰብኩም። ዋቀዮን፣ አላሰብኩም።»

«ማሽኑን የገጠመው ሰው እንዳለ ረሳህ?»

ይህን ያለችው ሶረቲ አይደለችም፤ ለንሳ ናት። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አባባ ቱፋን ተሸክመህ እዚህ ስታስቀምጠው ሥራዬ ላይ ነው ያስቀመጥከው። ሐሙስ ስገባ ሮዳጁን ሲጠብቅ እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ነጠላውን አለበስኩት።»

ሚልኬሳ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

አዴ ባየሽ እስከዚያ ድረስ አልተንቀሳቀሱም ነበር። አሁን ተነስተው ልጃቸው ፊት ቆሙ። በኦሮምኛ አንድ ጥያቄ ጠየቁት። ስታነሳው እጁ ሞቃት ነበር ወይ ነው ያሉት።

ሚልኬሳ አልመለሰም። አሮጊቷም እንደገና አልጠየቁም። ኮማንደር ጉዩ ክንዱን ይዞ ሲያወጣው በሩ እስኪዘጋ ቆመው ተመለከቱት።

«ለንሳ ነፃ ነሽ» አለች ሶረቲ። «መዝገቡ በአንቺ ስም አይሄድም።»

ለንሳ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ከሳጥኑ አንድ ክንድ ርቃ ቆማ ታየዋለች። ሶረቲ ደብተሩን ለፍርድ ቤት ልትይዘው ወደ ቦርሳዋ ከተተች፤ ከወጣት ሴት ልብ ውስጥ ፍርሃትን የሚያወጣ ወረቀት ግን አልነበራትም።

አዴ ባየሽ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ጠረጴዛው መጡ። ግራ መዳፋቸውን ዘርግተው የብረቱ ሳጥን ላይ ጫኑት። ለንሳ ሳታስበው «ማሎ! እባክዎ!» ብላ ጮኸች።

ምንም አልሆነም። ማራገቢያው ብቻ ይዞራል።

«ቀዝቃዛ ነው» አሉ አዴ ባየሽ።

«ገና አሁን ስለተነሳ ነው» አለች ለንሳ። «ቆይቶ ይሞቃል።»

«እሱ እንዴት ነበር የሚዳስሰው? እዚህ ጋ?»

«ትንሽ ወደ ላይ።»

አሮጊቷ የለንሳን እጅ ፈልገው ያዙት፤ ከእሳቸው እጅ አጠገብ፣ ትንሽ ወደ ላይ፣ አስቀመጡት። የልጅቷ ጣቶች መጀመሪያ ሸሹ፤ ከዚያ ብረቱ ላይ አረፉ። ሶረቲ ኮፍያዋን አንስታ ወጣች። በሩን ስትዘጋ ሁለቱ ሴቶች ሳይነጋገሩ፣ እጃቸውን ሳጥኑ ላይ እንደጫኑ፣ ለብ እስኪል ይጠብቁ ነበር።